በየትኛው መዝገብ ይጻፉ? ስለ አብደራፊና ስለ መተማ ወጣቶች ጤና

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ስለ ከተማ ወጣቶች ጤና፣ ይልቁንም ስለ አእምሮአቸው ጤና እንድንናገር ሲጠይቀን፣ ብዙዎቻችሁ ስለ አዲስ አበባ ወይም ስለዚሁ ስለ ጎንደር ከተማ የምንናገር መስሎአችሁ እንደሆነ እንገምታለን። ከተማ ሲባል በአሳባችን የሚመጣው የአስፋልቱ፣ የሕንፃውና የካፌው ከተማ ነውና። እኛ ግን ዛሬ ይዘናችሁ የምንወርደው ወደ ቆላው ነው፤ ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ገንዳ ውኃ፣ ይልቁንም በምዕራብ አርማጭሆ ወዳለችው ወደ አብደራፊ። እነዚህም ከተሞች ናቸው። ሌላው ቢቀር ከተማ የሚያሰኘውን አንድ ነገር ከማንም በላይ ያሟላሉ፤ ይኸውም እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ብዙ ወጣት በአንድ ቦታ ማደሩ ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ደጋ ናት። መተማና አብደራፊ ከ1000 ሜትር በታች ናቸው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይበቅልበታል። አገሪቱ ለውጭ ገበያ ከምታቀርበው ሰሊጥ ትልቁ ክፍል ከሑመራ እስከ መተማና ቋራ ከተዘረጋው ከዚህ ቆላ ይወጣል። ሰሊጥ ደግሞ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ፍሬው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ቅርፊቱ ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በአረም ጊዜና ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው የአጨዳ ወራት፣ ከደጋው ሁሉ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ወደዚያ ይጎርፋል። ከበለሳ፣ ከሊቦ ከምከም፣ ከፎገራ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ በፊት በፊትም ከትግራይ። ከነዚህም ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ጢም ያላወጡም አሉባቸው።

አንድ ልጅ በአሳባችን እንውሰድ። ስም አንሰጠውም፤ ያልነው ዓይነት ልጅ በየመንደሩ ስላለ ስም አያስፈልገውም። ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው። ከበለሳ ነው የመጣው። የስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን ጨርሶ ክረምት ሲገባ፣ «ለደብተርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ይዤ በመስከረም እመለሳለሁ» ብሎ እናቱን ተሰናብቶ ወረደ። አረም አረመ፤ የተከፈለው ገንዘብ ግን ለምግቡና ለመሳፈሪያው ብቻ በቃ። ካቦው «ለአጨዳው ቆይ፣ ዋጋው በጥቅምት ነው የሚወጣው» አለው። ቆየ። ትምህርት ቤቱ በዚያ መካከል መዝግቦ ጨርሶ ነበር። በጥቅምት ወባ ያዘችው፤ የአጨዳው ዋነኛ ሳምንት አለፈው። አሁን ባዶ እጁን መመለስ ያፍራል። ታናሽ ወንድሙ ጫማ ይመጣልኛል ብሎ እየጠበቀ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ አልተመለሰም። አንድ ዓመት ሁለት ይሆናል፣ ሁለት ዓመት አምስት ይሆናል። በቆላው አነጋገር እንዲህ ያለውን፣ ከእርሻ እርሻ እየዞረ እዚያው የቀረውን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። ሳሉግ የሚለውን ስም ሰው ሲጠራው ግማሽ ንቀት ግማሽ ኀዘኔታ አለበት።

እንግዲህ ይህ ልጅ ሲታመም የት ይጻፋል? የንግግራችን ዋና ነገር ይህ ጥያቄ ስለሆነ ጥቂት እንድንቆይበት ፍቀዱልን።

የአገራችን የጤና ሥራ ባለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ እንደተራመደ ማንም አይክድም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቆርጦ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲያስተምሩ አደረገ። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ሊማሩበት የመጡ ሥራ ነው። ነገር ግን ቃሉን ልብ በሉት፤ ቤት ለቤት ነው። የወባ መከላከያ አጎበር የሚታደለው በቤተሰብ ቁጥር ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ተብሎ። የወባ መድኃኒት የሚረጨው በግድግዳ ላይ ነው፤ ትንኟ ደም ጠጥታ ስታርፍ እንድትሞት። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ መታወቂያውን የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው፤ የሚያገለግለውም በመጀመሪያ ቤተሰቡ በሚኖርበት ወረዳ ጤና ጣቢያ ነው።

ያ የበለሳ ልጅ ግን ቤት የለውም። የሚያድረው ከእርሻው መካከል በተሠራ ዳስ ወይም በግራር ሥር ማዳበሪያ አንጥፎ ነው። አጎበር እንስጠው ቢባል የሚሰቅልበት ምሰሶ የለውም። ግድግዳ ይረጭለት ቢባል ግድግዳ የለውም። የመድን መታወቂያው በአባቱ ስም በለሳ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ጤና ኤክስቴንሽኗ እንዳትጎበኘው በቀበሌዋ መዝገብ የለም፤ የትውልድ ቀበሌው ደግሞ «ቆላ ወርዷል» ብላ ዘግታዋለች። ማንም ክፉ ሰው አስቦ አላገለለውም። ሥራው ሁሉ የተቀየሰው ቤት ላለው ሰው ስለሆነ ብቻ፣ ልጁ በሁለት መዝገብ መካከል ወደቀ። የጤና አለመመጣጠን ሲባል ብዙ ጊዜ ሰው የሚመስለው ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን የመከልከል ነገር ነው። እኛ እንደምናየው ግን አብዛኛው እንዲህ በጸጥታ የሚሆን ነው።

አሁን ስለ ካላዛር እንናገር። የጤና ተማሪዎች ታውቁታላችሁ፤ የሕግና የታሪክ ተማሪዎች ግን ምናልባት ስሙን ብቻ ሰምታችሁ ይሆናል። ካላዛር ከሕንድ አገር የመጣ ስም ነው፤ ጥቁር ትኩሳት እንደ ማለት ነው። የሚያስተላልፋት የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ስትበርም ድምፅ የላትም። በእኛ ቆላ የምትራባው በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ አካባቢ ነው፤ የምትነድፈውም በአብዛኛው ከቤት ውጭ፣ በሌሊት ነው። ይኸውም ያ ልጅ ተኝቶ ባለበት ሰዓትና ቦታ መሆኑ ነው። ሰው ከተነደፈ በኋላ በሽታው ከሁለት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆያል። ከዚያ ትኩሳቱ ይጀምራል፤ ሳምንታት ይቆያል፤ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ያንሳል። ካልታከመ ከመቶው ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆነው ይሞታል።

የመደበቂያው ጊዜ መርዘሙ ምን እንዳደረገ የሊቦ ከምከም ታሪክ ያሳየናል። ሊቦ ከምከም ከቆላው የራቀ ደጋ ነው፤ ካላዛር ከዚያ በፊት አይታወቅበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በዚያ ሰው በትኩሳት ይታመም ጀመር። ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልተሻለም። መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ሰው መሞቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ነው ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው። በኋላ የተደረገው ጥናት እንደሚያመለክተው በሽታውን ወደ ደጋው ይዘው የወጡት ወደ መተማና ሑመራ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች መሆናቸው ይታመናል። በአዲስ ዘመን በተከፈተው ማዕከል በጥቂት ዓመታት ጊዜ ውስጥ ከ2000 በላይ በሽተኞች ታክመዋል። ከዚያ በፊት በየቤቱ የሞቱትን ግን የቆጠራቸው የለም። በቆላው ያለ ሳሉግ ጤና የሳሉጉ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ አዲስ ዘመን ሄዶ ይጠይቅ።

ዛሬ ምርመራው በጣት ደም በደቂቃዎች የሚያልቅ ሆኗል። ሕክምናውም በፊት አንድ ወር ሙሉ ይፈጅ የነበረው፣ ሁለት መድኃኒት በማጣመር ወደ 17 ቀን ወርዷል፤ በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ ነው። በዚሁ በጎንደር ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ። በአብደራፊም ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ድርጅት ከጤና ጣቢያው ጋር ለብዙ ዓመታት ካላዛርንና የእባብ ንድፈትን ሲያክም ቆይቷል። የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስና ካላዛር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ በየትኛው መድኃኒት እንዲታከሙ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ ከተመሠረተባቸው ጥናቶች አንዱ የተደረገው በጎንደርና በአብደራፊ ነው። ስንቶቻችን ነን ይህን የምናውቅ? የአብደራፊ በሽተኞች ለዓለም መጻሕፍት ያበረከቱት ነገር አለ፤ ይህን ስንል ለመኩራራት ሳይሆን፣ አገሩ ዳር ነውና ምንም አይሠራበትም የሚለውን ወሬ ለመመለስ ነው።

ይሁን እንጂ 17 ቀን ለማን 17 ቀን ነው? ለመንግሥት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ነው። ለዚያ ልጅ ግን የአጨዳው ግማሽ ነው። ሆስፒታል ሲገባ ደግሞ በአገራችን ሥርዓት አልጋው አጠገብ አስታማሚ መኖር አለበት፤ ውኃ የሚያመጣ፣ እንጀራ የሚያቀርብ፣ ሌሊት ደግፎ የሚያወጣ። እርሱ አስታማሚ የለውም። ጓደኞቹ እርሻ ላይ ናቸው። እናቱ አታውቅም፤ ቢነግራት ትሸበራለች ብሎ አልነገራትም። ግድግዳ እያየ ይተኛል። የሰውነቱ ትኩሳት ሲወርድ የማይወርደው ነገር ያን ጊዜ ይጀምራል።

ስለ እባቡ በአጭሩ እንለፍ። ሰሊጥ በእጅና በማጭድ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚታጨደው፤ ነዶውን የሚያነሣ እጅ ከሥሩ የተጠቀለለውን አያይም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፈትን ከተዘነጉት የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ማርከሻው መድኃኒት ውድ ነው፣ ማቀዝቀዣ የሚፈልግም አለበት። ለርእሳችን ግን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። በስሪላንካ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በእባብ የተነደፉ ገበሬዎች ቁስሉ ከዳነ ከወራትና ከዓመታት በኋላም ብዙዎቹ በድብርትና በፍርሃት ሲሠቃዩ ተገኝተዋል። እርሻቸውን ፈርተው የተዉም አሉ። ቁስሉን አክመን «ድነሃል፣ ሂድ» የምንለው ሰው ምን ይዞ እንደሄደ አላየንም ማለት ነው።

ይህ ወደ አእምሮ ነገር ያደርሰናል።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ድሃ አይደለም። «ሐሳብ አበዛ» እንላለን፤ «ሐሳብ ጨረሰው»፣ «ሆዱ ባባ»፣ «ልቡ ተሰበረ»፣ «ሰው ጠላ» እንላለን። አያቶቻችን ሰው በሐሳብ እንደሚታመም ከመጻሕፍት በፊት ያውቁ ነበር። የጎደለው በእነዚህ ቃላት የሚናገር ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሚሰማው መሆኑ ነው። ልጁ ለነርሱ «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አይበላኝም» ይላል። የራስ ምታት መድኃኒት ይሰጠዋል። ነርሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ በወባ ወቅት ከደጅ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው። ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ ግን ሌላ ነገር ይወጣ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ወጣቶች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በሰው ዕድሜ ላይ ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ገና በአሥራ አራት ዓመት ገደማ ነው ይባላል። ይህ የዓለም አማካይ ነው፤ ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ታሞና ዕዳ ገብቶ በባዕድ ቆላ ላደረ ልጅ አማካዩ ይበቃል ብለን አናስብም። በአገራችን ይህን ዓይነት ጥናት ካስጀመሩት አንዱ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ናቸው፤ በቡታጅራ ገጠር ስለ አእምሮ ጭንቀት፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 አውጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ቡታጅራ በዓለም የታወቀ የጥናት ቦታ ሆኗል። አገራችን ግን የአእምሮ ሐኪሞችን ራሷ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ አንድ የአእምሮ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ እርሱም አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነው። ከአብደራፊ አማኑኤል ስንት ቀን መንገድ እንደሆነ በተለይ በክረምት ለሚያውቁት እንተወዋለን።

ታዲያ ልጁ ወዴት ይሄዳል? ገንዘብ ካለው አረቄ ቤት ይሄዳል። አረቄው ርካሽ ነው፣ ደጁም ቅርብ ነው፣ ከሁሉም በላይ ሰው አለበት። ቤተሰቡ ሲሰማ መጥቶ ከወሰደው ጸበል ይሄዳል። ጸበልን ለማንቋሸሽ አልቆምንም፤ በመካከላችን በጸበል የዳነ ዘመድ ያለው ብዙ ነው፤ ለሰውየው ሰላምታ የሚሰጠው፣ በስሙ የሚጠራው፣ አብሮት የሚጸልይ ሰው ያለበት ቦታ ነውና። የምንለው ጸበሉና መድኃኒቱ ጠላቶች አይሁኑ ነው። ከቄሱ ጋር የተስማማ ነርስ ባለበት ሁለቱም ሊሰጡ ይችላሉ።

ስለ ልጃገረዶቹም ዝም ማለት አይገባም። አጫጁ ገንዘብ ይዞ በሚገባበት ከተማ ሻይ የምታፈላ፣ በሰው ቤት የምትሠራ፣ በመሸታ ቤት የምትቀዳ ልጅ አለች፤ ዕድሜዋም ብዙ ጊዜ ከአጫጁ ያንሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ሰው መቅጠርን ይከለክላል። አዋጁ የመሸታ ቤቱን በር አንኳኩቶ ሲገባ ግን ገና አላየንም። እርሷ ስትታመም የምትፈራው ሁለት ነገር ነው፤ በሽታውንና ወሬውን። የጤና ጣቢያው በር ለመንገድ የተከፈተ ከሆነ ወሬው ያሸንፋል። እንዲሁም ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ከእናታቸው የተላከውን ስንቅ ለሳምንት እያብቃቁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚማሩ ወንዶችና ሴቶች ልጆች አሉ። ይህን ኑሮ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ብዙዎቻችን ስለምናውቀው አንዘረዝረውም።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በማይካድራ ብዙ ሰው ሲገደል ከሞቱት አያሌዎቹ ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ከቆሰሉት የተረፉ ወደ አብደራፊና ወደ ጎንደር መጥተው ታክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻገረ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተሠራ። በዚያው ዓመት የክልላችንም ሰላም ደፈረሰ። ቁስሉን የሚያይ ሐኪም በተገኘበት ጊዜ እንኳ፣ ያየውን ነገር የሚጠይቀው አልተገኘም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከጎኑ የሚያጭድ ጓደኛውን ቀብሮ በማግሥቱ ማጭድ ሲያነሣ፣ እንደ በሰለ ሰው ቻለው ማለት አይደለም።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ወባ፣ ካላዛርና እባብ ባለበት አገር ስለ ሐሳብና ስለ ድብርት መናገር የጠገበ ሰው ወግ ነው፤ አስቀድሞ መድኃኒት ይምጣ፣ አስቀድሞ ዳሱ ቤት ይሁን» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች ለድሃው የሚያዝኑ ናቸው፤ ስለዚህ በትሕትና እንመልስላቸው። ልቡ የተሰበረ ልጅ የ17 ቀን መርፌ አይጨርስም፤ በአሥረኛው ቀን ይጠፋል። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት የሚያስፈልገው ተስፋ ከቆረጠ መድኃኒቱን ይተዋል። የሚጠጣ ልጅ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ የወደቀበትም ዝንቧና እባቡ ያሉበት ነው። ሁለቱ በሽታ በአንድ ገላ ውስጥ ነው ያሉት፤ ተራ ይጠብቁ ቢባሉ አይጠብቁም።

ደግሞም የሐሳብ ሕክምና ሁልጊዜ ውድ ነው ያለው ማነው? ዚምባብዌ ውስጥ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ አንድ ነገር ጀመሩ። አገሩ የአእምሮ ሐኪም አልነበረው ማለት ይቻላል፤ የተሰጣቸውም ሕንፃ አልነበረም። ስለዚህ በጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ። በወንበሩ ላይ የሚቀመጡትን በሠፈር ውስጥ የሚታወቁ አሮጊቶችን አሠለጠኑ። አሮጊቷ ልጁን «ምን ሆነሃል?» ብላ ትሰማዋለች፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጠው በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያደርግ አብረው ይመክራሉ። እዚያም ሕመሙን የሚጠሩት «ሐሳብ ማብዛት» ብለው ነው፤ ልክ እንደኛ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ በዚህ መንገድ የታገዙት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው መንገድ ከታከሙት እጅግ ተሽሎአቸው እንደተገኙ አሳይቷል። በአገራችንም በጉራጌ ሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ተደርጎ ውጤቱ ተጠንቷል፤ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር በዚያ ተዘግቷል ማለት እንችላለን። ዛፍ በአብደራፊ አለ። ወግ የሚያውቁ፣ ልጅ ያሳደጉ እናቶችም አሉ።

ስለ ስሪላንካ ሌላም ነገር እንጨምር። በዚያ አገር ራሱን የሚያጠፋ ሰው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ከከፋው አንዱ ነበር። መንግሥቱ እጅግ መርዘኛ የሆኑትን የተባይ መድኃኒቶች ከገበያ አስወጣ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከመቶ ሰባ ያህል ወረደ። ክፉው ሰዓት ያልፋል፤ በዚያ ሰዓት መርዙ እጅ አጠገብ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። በእርሻ ካምፖቻችን የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ኬሚካል ሠራተኛው ከሚያድርበት ዳስ ጥግ ተቆልሎ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ባለሀብቱ አንድ ሣጥንና አንድ ቁልፍ ቢገዛ ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ ዋጋ አይበልጥበትም።

አሁን ወደዚሁ ግቢ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ሺህዎችን ሲፈጅ፣ በጠቅላላው በአካባቢው ሊረዳ የሚችል የሠለጠነ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ባላገሩ እንዲወርዱ። ይህ የምንማርበት ቤት የተወለደው ከሜዳ ላይ በሽታ ነው እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ደንብ ሆነ። ብዙዎቹ አጉረመረሙ፤ ብዙዎቹም አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ቀጥሎም በ1958 ዓ.ም. ለማኞች ታጉረው በሾላ መኖራቸውን ሰምተው ተማሪዎች ሰልፍ የወጡት፣ ድህነት ወንጀል አይደለም ለማለት ነው። እኛም የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም።

ለማኅበሩና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው እንዲህ ነው። በጤና፣ በሥነ ልቡናና በማኅበራዊ ሳይንስ ያለን ተማሪዎች የተግባር ልምምዳችንን በሰኔና በሐምሌ ብቻ ሳይሆን በአጨዳው ወራት በቆላው እንድናደርግ ይፈቀድልን። በጥቅምት ሠራተኛው የሚሳፈርበት የአውቶቡስ ማቆሚያ ከምንማርበት ሩቅ አይደለም፤ አዘዞም ቅርብ ነው። ልጁ ሲወርድ እዚያው ስሙን፣ የወረዳውንና የሚጠሩለትን ሰው የሚጽፍ፣ ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈው ካላዛር እንዲመረመር የሚነግር አንዲት ትንሽ ካርድ የሚሰጥ ሰው ይኑር። ካርዱ ሲመለስም ያገለግላል፤ በትውልድ ወረዳው ያለው ነርስ «ከመተማ ነው የመጣሁ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ሊቦ ከምከም የሆነው አይደገምም። የሕግ ተማሪዎች የጤና መድኑ መታወቂያ ከትውልድ ወረዳ ውጭ እንዲያገለግል ምን ዓይነት የደንብ ለውጥ እንደሚያስፈልግ አጥንተው ለክልሉ ጤና ቢሮ የሚቀርብ ጽሑፍ ያዘጋጁ። የአማርኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ለነርሶች የሚሰጠውን መጠይቅ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ከመገልበጥ አድኑን፤ «በኃዘን ስሜት ተውጠዋልን?» ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት ለአጫጅ አይነበብም። «ሐሳብ ያበዛብሃል?» ነው የሚባለው።

ስለ ወንበሩ ገና ከጤና ጣቢያው ሰዎችና ከከተማው እናቶች ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ ያለ እነርሱ ፈቃድ የተተከለ ወንበር የፍየል ማረፊያ ነው የሚሆነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሄደው እንዲያማክሩ አሳብ አለን፤ ከመምህራን አንድ አብሮን ቢወርድ ደስ ይለናል። የአርማጭሆና የመተማ ልጆች የሆናችሁ ቅድሚያ አላችሁ፤ አገሩን ታውቁታላችሁ፣ ሙቀቱንም ትችሉታላችሁ። የስም መጻፊያው ወረቀት ከአዳራሹ መውጫ አጠገብ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከስማችሁ ጎን በጥቅምት ስንት ሳምንት ልትቆዩ እንደምትችሉ ጻፉበት።